የሀጂ የቅዳሜ እቁብ፤ ከውስጥ ሲታይ

ስለ ካፌና ስለ ስልክ አስተያየት የሚጽፍ ሞልቷል። ስለ እቁብ የሚጽፍ ግን ብዙም አላይም። ለካፌ የምንከፍለው የማኪያቶ ዋጋ ነው። ለእቁብ የምንሰጠው የዓመት ላባችንን ነው። እስቲ እኔ ልሞክር።

እቁቡ የሚጣለው መርካቶ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ስም የለውም። በዳኛው "የሀጂ እቁብ" እንለዋለን። ሙሉ ዕጣ በሳምንት 5,000 ብር ነው። 52 ዕጣ አለው፤ መስከረም ይጀምርና ዓመቱን ዞሮ ያልቃል። ግማሽና ሩብ የሚጥሉም ስላሉ ሰዉ ከዕጣው ይበልጣል። ዕጣ የወጣለት 260,000 ብር ይበላል። ከዚያ ላይ 2,000 ብር ለጸሐፊው ይቆረጣል። የመጀመሪያው ሳምንት የዳኛው ነው፤ ሀጂ ያለ ዕጣ ይወስዳሉ። አንድ ሰው በልቶ ቢጠፋ ከኪሳቸው የሚያሟሉት እሳቸው ናቸውና በዚህ ማንም ቅር አይለውም።

እኔ መጋረጃ ነጋዴ ነኝ። በዚህ እቁብ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። አንድ ዙር ገና በጥቅምት በልቻለሁ። ሌላ ዙር ደግሞ ስሜ ከጣሳው አልወጣ ብሎ ነሐሴ ገብቷል። ስለዚህ ቀድሞ መብላትንም፣ መጨረሻ መቅረትንም አውቃቸዋለሁ።

ቦታው የሀጂ መጋዘን ነው፤ ከሱቁ ኋላ። መቀመጫው የጨርቅ ጥቅል ነው። ሻይ አለ፣ ሳምቡሳ አለ፤ ሳምቡሳው ብዙ ጊዜ ቀዝቅዞ ነው የሚደርሰው። ጸሐፊው ደረቅ ሽፋን ያለውን ትልቅ መዝገብ ጭኑ ላይ ዘርግቶ ስም ይጠራል። የጣለ ሰው ስም ፊት ለፊት ምልክት ይደረጋል። ጣሳው የወተት ዱቄት ጣሳ ነው። ስማችን በትንንሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ተጠቅልሎ፣ በተቆራረጠ የእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ጣሳው ውስጥ ይቀመጣል። ዕጣ የሚያወጣው ሻይ አመላላሹ ልጅ ነው። ፊቱን ወደ ጣሪያ ያዞርና እጁን ይከታል።

ዋናው ነገር ግን ከዚያ በፊት ያለው ነው። ጸሐፊው "ያልጣለ አለ?" ይላል። አንድ ሰው እንኳ ካልጣለ ጣሳው አይከፈትም። ሁሉም ሥራውን ትቶ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ማንም አይሳደብም፣ ማንም አይጮህም። ዝም ብሎ ሻይ ይጠጣል። ያልጣለው ሰው ስልክ ሲደውልና በር በሩን ሲያይ ግን ላቡ ይታያል። ባንክ እንዲህ አያደርግም። ባንክ ሄደሽ ባትቆጥቢ ማንም አይደውልልሽም። ለእኔ የእቁቡ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው፤ ይሉኝታን ለቁጠባ ማዋሉ። ይሉኝታ ሌላ ጊዜ ብር የሚያስወጣን ነገር ነው። ለሰርግ፣ ለልደት፣ "ሰው ምን ይለኛል" ለምንለው ሁሉ። እዚህ ግን ብር ያስቀምጣል።

አገባቡ እንዴት ነው ለምትሉ፤ ሁለት ዋስ ያስፈልጋል። ከበላሽ በኋላ ደግሞ የቀሪው ሳምንት ቼክ ተፈርሞ ሀጂ ካዝና ይገባል። ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ መርካቶ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከዋሱና ከቼኩ በላይ ግን ሀጂ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ። ስንት ትሸጫለሽ አይሉም። ቤት አለሽ ወይ፣ መኪና አለሽ ወይ አይሉም። እኔን ስገባ እንዲህ አሉኝ፤

"ልጄ፣ ሱቅሽ ዛሬ ቢዘጋ ስንት ቅዳሜ ትጥያለሽ?"

አሰብኩና "ስድስት" አልኳቸው።

"ደህና ነው። ብዙው ሁለት ነው የሚለኝ" አሉ። ለጸሐፊውም "ጻፋት" አሉት።

ስለ ገንዘብ ብዙ ምክር ሰምቼ አውቃለሁ። ይህን የሚያህል ጥያቄ ግን አልገጠመኝም። ሱቅ ይዘጋል። በ2012 በኮሮና ገበያው ሲቀዘቅዝ አይተናል። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ እዚያ ቅርንጫፍ የነበረው እቁብተኛችን ዕቃውን ይዞ ቦታ ፍለጋ ሲንከራተት ከርሟል። እና ስንት ቅዳሜ? መልሱ በለበስሽው ልብስ አይታወቅም። በምትነጂው መኪናም አይታወቅም።

መጋረጃ መሸጥ ይህን ቀድሞ ያስተምራል። ቤቷን ልታጋርድ የምትመጣ ሙሽራ የመስኮቱን ልክ በወረቀት ይዛ ትመጣለች። ለሳሎኑ የቱርኩን ታስወርዳለች። ወፍራሙን፣ ከሥሩ ስሱን፣ ከላይ ጌጡን፣ ማሰሪያውን ሳይቀር። አብራት የመጣችው አክስት ጨርቁን እየዳሰሰች "ይሄማ ያምርባታል" ትላለች። ስሌት ስንሠራ ፊቷ ይለወጣል። "የመኝታ ቤቱስ የኔ እመቤት?" ስላት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እሱ ይቆይ" ትለኛለች። ቤት ድረስ ሄደን ስንሰቅል የመኝታ ቤቱ መስኮት ላይ አንሶላ በምስማር ተመትቶ እናገኛለን። ውስጡን ለቄስ ይሏል ይሄ ነው። የሚገርመው ይህን የማገኘው የደሃ ቤት ብቻ አይደለም። ቦሌ ውስጥ ሦስት መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ገብቼም አይቻለሁ። እንግዳ የማይገባበት ክፍል ሁሉ በአንሶላ ነው።

ወደ እቁቡ ልመለስ። ባለፉት ዙሮች ያየኋቸውን ሦስት ሰዎች ላንሳ። ስም አልጠራም።

አንደኛው ወጣት ነው። የስልክ ዕቃ ያከፋፍላል። በአራተኛው ሳምንት ዕጣ ወጣለትና በላ። ወዲያው የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። እቁቡ ቅድመ ክፍያ ሆነ፣ ቀሪው ከአጎቱ ብድር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መጋዘኑ በር ላይ ያቆማታል። ልጆች ይከቧታል። እሱ ፏ ብሎ ይወርዳል፣ ሽቶው ቀድሞት ይገባል። ከዚያ "ጋሼ፣ ለነገ በቴሌብር ልላክልህ?" ይለዋል ጸሐፊውን። ነገ ሰኞ ይሆናል። ሰኞ ረቡዕ ይሆናል። ጣሳው ያለ እሱ ስለማይከፈት ጥር ላይ ዋሱ ሲከፍልለት ከረመ።

እንደ ነጋዴ ግን አንድ ነገር ልመስክርለት። መኪናዋ ሥራ ሠርታለታለች። ሁለት አስመጪዎች እሷን አይተው ዕቃ በዱቤ ለቀውለታል። መርካቶ ውስጥ ታይታም ካፒታል ነው። ፊትሽ የተጎሳቆለ ቀን ዱቤ የሚሰጥሽ ታጫለሽ። ስለዚህ ጉራ ነው ብዬ ብቻ አላልፈውም። ችግሩ ዱቤውም ዕዳ ነው፣ መኪናውም ዕዳ ነው፣ እቁቡም ከበላ በኋላ ዕዳ ነው። ሦስት ዕዳ በአንድ ሱቅ ሽያጭ ላይ ተጭኖ የሀጂ ጥያቄ ቢቀርብለት መልሱ ዜሮ ቅዳሜ ነው።

ሁለተኛው አዛውንት ናቸው። ጃኬታቸው ክርኑ ላይ ተበልቷል። ምሳቸውን በሳህን ቋጥረው ይመጣሉ። ታክሲ እንኳ ሳይዙ በእግራቸው ነው የሚሄዱት። መርካቶ ውስጥ አንድ እምነት አለ፤ የነተበ ጃኬት የለበሰ ሁሉ ሚሊየነር ነው ይባላል። እኛም እሳቸውን እንደዚያ ነበር የምናያቸው። "እሳቸው እኮ ሕንፃ ይገዛሉ" ይባል ነበር። ንብረታቸው ሁሉ ግን አንድ ቦታ ነው የነበረው፤ ሸማ ተራ አካባቢ ባለች አንዲት ሱቅና በላይዋ ባለው ቆጥ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ምሽት እዚያ እሳት ተነሳ። ዕቃቸው በአንድ ሌሊት አለቀ። ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። ባንክ ያለው ብር የወር ቤት ኪራይ አይሸፍንም ነበር።

ያን ሳምንት ቅዳሜ መጋዘኑ ውስጥ ብዙ ወሬ አልነበረም። ሀጂ ጣሳውን አስመጡ። ልጁ ስም አወጣ። የወጣለት ጫማ ነጋዴ ነበር። ወረቀቱን አየና "ለአባባ ይሁን" አለ። የእሳቸው ስም ከጣሳው ወጥቶ የእሱ ተመለሰ። አዛውንቱ 260,000 ብሩን ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ነው የእቁብን ልክ በደንብ ማወቅ ያለብን። ያ ሳምንት ሰባተኛው ነበር። 45 ቅዳሜ ይቀራል። 45 ጊዜ 5,000 ማለት 225,000 ብር ነው። ከተቀበሉት ውስጥ የራሳቸው የነበረው 35,000 ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው ብድር ነው። ወለድ የለውም፣ መያዣ አልተጠየቀበትም፣ በደግነት የተሰጠ ነው። ብድር ግን ነው። ሱቃቸው የተቃጠለባቸው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ 5,000 ብር ይዘው መምጣት ነበረባቸው። እቁብ ኢንሹራንስ አይደለም። ለሞት እድር አለ። ለእሳት ግን ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አለ፤ ዓረቦኑን መክፈል ደግሞ ለመርካቶ ሰው ብር መጣል ይመስለዋል። ከእሳቱ በኋላ ለሱቄ ገብቻለሁ። ሌሎቹም ገብተዋል ብላችሁ አትገምቱ።

ሦስተኛዋ ሴት ናት። የሕፃናት ልብስ ታስመጣለች። ወርቋ ከአንገቷ እስከ እጇ ነው። ጥፍሯ ተሠርቶ፣ ፀጉሯ ተሠርቶ ነው የምትመጣው። መጀመሪያ ሳያት "ይቺማ እቁቡን በዱባይ ሽርሽር ትጨርሰዋለች" ብዬ ነበር። እሷ የወሩን አራት ቅዳሜ በአንድ ጊዜ ጥላ የምትሄድ ሰው ናት። ዕጣ ሲወጣላት ግማሹን ዕቃ ታመጣበታለች። በግማሹ የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሽያጭ ሲከፈት አክሲዮን ገዝታለች። አንዱ አክሲዮን 300 ብር ነበር፤ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። ያተርፋል አያተርፍም ሌላ ጉዳይ ነው። ወርቁን እንዴት ነው ብዬ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። "ወርቅ እኮ ይሸጣል እቴ፤ መጋረጃ ነው የማይሸጠው" አለችኝ። ለመጋረጃ ነጋዴ የሚባል አልነበረም። ግን እውነቷን ነው።

እንግዲህ ሰው ስትመዝኑ ሽቶውንም ተዉት፣ የነተበውን ጃኬትም ተዉት። ሁለቱም ዋሽተውናል። የጸሐፊው መዝገብ ላይ ያለው ምልክት ብቻ አልዋሸም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በቁጠባ ዓይን ካየነው እቁብ ደካማ ነው። በሳምንት 5,000 ብር ባንክ ብታስገቢ፣ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ 9,000 ብር ገደማ ታገኛለሽ። መጨረሻ ላይ የምትበላ እቁብተኛ ያን አታገኝም፤ ጭራሽ ለጸሐፊው 2,000 ትከፍላለች። ባንክ ቢወድቅ ደግሞ የተቀማጭ ገንዘብ ዋስትና እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። እቁብ ቢፈርስ ሀጂ ናቸው ያሉት። ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት ወንድሜ ግን ይህ ስሌት አይመለከተውም፤ ለሱ እቁብ ንጹሕ ነው። ከወለድ ነፃ ባንኮች አሁን አሉ፤ እንደ እቁብ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁጭ ብለው አይጠብቁትም እንጂ።

በብድር ዓይን ካየነው ግን እቁብን የሚስተካከል የለም። በጥቅምት የበላሁ ጊዜ ያለ ቤት ካርታ፣ ያለ ወለድ፣ ያለ ምልልስ ነው ብሩን የያዝኩት። ባንክ ቢሆን ገና ደብዳቤ ሳጽፍ ዓመቱ ያልቅ ነበር።

ትልቁ ጉዳት ዋጋ ሲንር ነው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። እኔ የምሸጠው ጨርቅ ከቱርክና ከቻይና ነው የሚመጣው። ያን ዙር መጨረሻ ላይ የቀሩት ያው 260,000 ብር ደረሳቸው። መዝገቡ ላይ ምንም አልጎደለም። ገበያ ሲወጡ ግን በመስከረም የበላው ያነሳውን ያህል ጥቅል አላነሱም። መስከረም የበላው ዕቃ አከማችቶ ሲያተርፍ፣ ነሐሴ የቀረው ለእሱ ዓመቱን ሙሉ ሲያበድር ከርሟል። ለዚህ መድኃኒቱ ዕጣ መግዛት ነው። ቀድሞ የደረሰው ሰው የተወሰነ ብር ተቀብሎ ተራውን ይለቅልሻል። እፊታቸው ከሆነ ሀጂ ይፈቅዱታል፤ በሹክሹክታ ከሆነ ግን ሁለቱንም ያስወጣሉ።

ቅሬታዬን ልናገር። ደረሰኝ የለም። ሁሉም ነገር በአንድ መዝገብ ነው፤ ያ መዝገብ ቢጠፋ ወይም ቢረጥብ ምን እንደምንሆን እንጃ። ግልባጭ ይኑር ብለን ብዙ ጊዜ ጠይቀናል። ሀጂ "ኢንሻላህ" ይላሉ፤ መቼ እንደሆነ ግን አይናገሩም። በስልክ የሚሠሩ እቁቦችም መጥተዋል፤ ማን እንደጣለ ወዲያው ያሳያሉ። እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና በዶላር ትጥላለች፤ ተሰብስበውም አያውቁም፣ ብሩ በስልክ ይሄዳል። ይሠራል ትላለች። እኔ ግን ፊት ለፊት የሚቀመጥ ሰው የሌለበት እቁብ ውስጥ እንዴት ብዬ እንደምገባ አላውቅም። ያልጣለውን በዓይን ማየት አለብኝ።

ሌላው፣ የበላ ሰው በብሩ ምን እንደሚያደርግ እቁቡ አይገደውም። ያው 260,000 ለአንዱ ዕቃ ይሆናል። ለሌላው የአንድ ቀን የሰርግ መኪናና ድንኳን ሆኖ ያልቃል፤ 45 ቅዳሜ ግን ይከፈልለታል። አንዱ እቁብተኛ ሚስቱ አራስ ሆና የሰርጉን እቁብ እየጣለ ነበር። ሀጂን "ለምን አይከለክሏቸውም?" ብላቸው "እኔ ዳኛ ነኝ እንጂ ሞግዚት አይደለሁም" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ግን ያናድዳል።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለመዝገቡና ለቀዘቀዘው ሳምቡሳ ነው።

ደመወዝተኛ ከሆናችሁና የወር ገቢያችሁ ቁርጥ ከሆነ የሳምንት እቁብ ያስጨንቃችኋል፤ በመሥሪያ ቤት ያለ የወር እቁብ ይሻላችኋል። ነጋዴ ከሆናችሁና በእጃችሁ ብር የማይቆይ ከሆነ ግቡ፤ ግን ግማሽ ዕጣ ጀምሩ። ከመግባታችሁ በፊት የሦስት ወር ቅዳሜ የሚሆን ብር ባንክ ይኑራችሁ። ያን አትንኩት። ቼካችሁን ስትፈርሙ ለራሳችሁ ያዛችሁት ዋስ እሱ ነው። ዋስ ሁን የሚላችሁ ሰው ደግሞ ቢመጣ፣ የሚነዳውን ሳይሆን ያለፈውን ዙር መዝገብ ጸሐፊውን አሳየኝ በሉት። ያሳያል።

አዲሱ ዙር መስከረም ላይ ነው። ስም የሚጻፈው ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ነው፤ ቅዳሜ ብቻ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ። ሁለት ዋስ ይዛችሁ ኑ፤ ዋሶቹ የዚህን ዙር ያልበሉ ቢሆኑ ይመረጣል። ሳምቡሳውን ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ትኩሱን ታገኛላችሁ ይላል ሻይ አመላላሹ። እኔ እስካሁን አልቀናኝም።